ሌላ ሰው የዘጋው ውሃ

ሰፈሩ ጋሼ ቆጣሪ ይላቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ባለቤታቸው ብቻ ናቸው የሚያስታውሱት፤ እሳቸውም ቢሆኑ የሚጠሩበት ሲናደዱ ነው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረዋል። ጠዋት ቦርሳቸውን አንግተው ይወጣሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ ውሻ ይጮህባቸዋል፣ ተንበርክከው የብረቱን ክዳን ያነሳሉ፣ የሸረሪት ድሩን ጠርገው ቁጥሩን ይመዘግቡና ወደሚቀጥለው በር ይሄዳሉ። ሥራው ይኸው ነው። ጋሼ ቆጣሪ ግን ከዚህ ሥራ አንድ ሙሉ ፍልስፍና አውጥተው ነበር። የትኛው ቤት እንግዳ እንደመጣበት፣ በየትኛው ቤት ልጅ እንደተወለደ፣ የየትኛዋ ሚስት ባል ጥሏት እንደጠፋ ከቁጥሩ ያውቁታል። "ሰው ይዋሻል፣ ቆጣሪ አይዋሽም" ይሉ ነበር፤ ሲሏት ደግሞ ጣታቸውን ቀስረው ነው። የቢሉን ብዛት አይቶ የሚከራከር ሰው በዚች አባባል ስንቴ አፉን ዘግቶ ተመልሷል።

ሌላም አባባል ነበራቸው፦ "ሌላ ሰው የዘጋው፣ የተዘጋ አይባልም።" ቧንቧ ሠራተኛ ጠግኖ ሲጨርስ፣ ጋሼ ቆጣሪ ቀርበው ያንን ክቡን መዝጊያ አንድ ዙር ሳያጠብቁት አይሄዱም። ሠራተኛው ይስቅባቸዋል፣ እሳቸው ይንቁታል። የድሮው መዝጊያ እንደሆነ ቻይ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ቢያጠብቁት ይጠብቃል እንጂ ምንም አይልም። ስለዚህ ይህ አመል አንድ ቀን እንኳ አላስወቀሳቸውም። አመል ሳያስወቅስ ብዙ ሲቆይ ደግሞ ሰው ጥበብ እያለ ይጠራዋል።

ጡረታ ሲወጡ ከግቢያቸው ጓሮ ሁለት ክፍል ሠርተው ማከራየት ጀመሩ። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ ሙያቸው ያኔ ነው የሚታየው። "ባዶ ቤት ሆድ አለው፣ ካልጠበቁት ይበላል" ይላሉ። አምፖሉን ሁሉ ይነቅላሉ። የመብራቱን መስመር ከምንጩ ያጠፋሉ። ለጓሮው ቤት የሚሄደውን ውሃ ከመሬት ውስጥ ካለው ጉድጓድ ይዘጋሉ፤ ከዚያ ቤት ገብተው ቧንቧዎቹን በሙሉ ይከፍቱና እንደተከፈቱ ይተዉአቸዋል፣ መስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ተንጠፍጥፎ እንዲወጣ፣ የቧንቧዎቹ ማጥበቂያ ጎማም እንዲያርፍ። በመጨረሻ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ፤ ተከራይ እስኪመጣ የሚከፍተው የለም።

"ቤት ሳይሆን ሬሳ ነው የሚገንዘው" ይላሉ ባለቤታቸው።

ጋሼ ቆጣሪ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ሙገሳ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

ችግሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ የሩቁን፣ ቀስ በቀስ የቅርቡን ወሰደባቸው። ለማንም አልተናገሩም። ዕድሜ ልካቸውን ቁጥር ሲያነቡ ኖረው "ቁጥር ማየት አቃተኝ" ማለት ለሳቸው ሱሪ ሳይታጠቁ አደባባይ ከመውጣት እኩል ነው። ስለዚህ እንደሚያይ ሰው መኖር ቀጠሉ። ግቢያቸውን በእጃቸው ያውቁታል፤ ሰውን በድምፁ ይለዩታል፤ ጋዜጣ ሲሰጧቸው "ማታ አነበዋለሁ" ይላሉ።

ቆጣሪውስ? ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው፤ ወር ሲደርስ ተነቦ ወጪው ከተከራይ ጋር ይካፈላል። በዚያን ጊዜ ጓሮውን የተከራየችው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ጸጥ ያለች፣ ከሷ ይልቅ የስፌት መኪናዋ የሚጮህ። ዓመታት ተቀምጣለች። ወር ደርሶ ጋሼ ቆጣሪ ቆጣሪውና መዝጊያው ያሉበት ጉድጓድ አጠገብ ሲንበረከኩ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትወጣና አብራ ቁጢጥ ትላለች። ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነብና "እንዲህ ነው አይደል ጋሼ?" ትላለች።

"ልክ ነሽ፣ ጎበዝ" ይላሉ እሳቸው፣ እንደ አስተማሪ።

እየፈተኗት ይመስላቸው ነበር። ወይም እንዲያ እንዲመስላቸው ይፈልጉ ነበር። እሷን ሲያስተምሯት ደግሞ ለጉድ ነው፤ ውሃ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ለምን እንደሚዘጋ፣ ከቤት ሲወጣ ምን እንደሚነቀል። ልጅቷ ትሰማቸዋለች። ከሰፈሩ ሁሉ የምትሰማቸው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ኋላ ልብስ ሰፊዋ ዕድል ቀናትና ዋናው መንገድ ላይ ካለው የጨርቅ ሱቅ ጎን የሱቁ ባለቤት የምታከራየው አንድ ክፍል አገኘች። ጨርቅ የገዛ ሁሉ ሰፊ ይፈልጋል፤ ለሷ ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም። ክፍሉ ቀለም እስኪቀባ ጥቂት ጊዜ እህቷ ጋ ልትቆይ ዕቃዋን ጫነች። በዚያ ቀን የሰፈሩ ውሃ ጠፍቷል። እሷ ግን ወለሉን በበርሜል ውሃ አጥባ፣ መስኮቱን ወልውላ፣ ጭነቱ መኪናው ላይ ታስሮ ሲያልቅ ወደ ጋሼ ቆጣሪ መጣች።

"ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት ቁጥሩን ላንብብልዎት?"

የመኪናው ሹፌርና ሁለት ጫኞች ቆመው ያያሉ። ጋሼ ቆጣሪ ደረታቸውን ነፉ። "ምን? ቁጥር ለኔ? ጠዋት አንብቤዋለሁ!"

አላነበቡም።

ልጅቷ "ይሁን" አለች። "ውሃውንም ዘግቼዋለሁ፣ እንዳስተማሩኝ።"

"እሺ እሺ፣ እኔ አየዋለሁ።"

ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ፤ ልጅቷን አቅፈው ሳሙ፣ አለቀሱም። መኪናው ሄደ።

ጋሼ ቆጣሪ እንደ ልማዳቸው ቤቱን ሊገንዙ ገቡ። ከጉድጓዱ ጀመሩ። ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ሰደው መዝጊያውን ዳበሱት። ታዲያ ይህ መዝጊያ የድሮው ክቡ አይደለም። አማቻቸው በቅርቡ የቀየረው፣ እጀታው ወዲያና ወዲህ የሚል፣ አንዴ ገፋ ሲያደርጉት የሚዘጋ፣ መልሰው ሲስቡት የሚከፈት ዘመናይ ነው። ሊያጠብቁት ገፉት፤ አልንቀሳቀስ አለ። "ሌላ ሰው የዘጋው" አሉ በሆዳቸው። አማቹ ገልብጦ ገጥሞት ይሆናል ብለው ወደ ራሳቸው ሲስቡት እሺ ብሎ መጣ። አሁን ተዘጋ አሉ። ቤት ገብተው ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፈቱ፤ ጠብ የሚል የለም። እንዴት ይኑር? የሰፈሩ ውሃ ጠፍቷላ! እሳቸው ግን ይህን ረስተው፣ እጃቸውን አራግፈው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ወጡ። ሲወጡ በራሳቸው ኮርተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የእነሱ ወጥ ቤት ውሃ ቀጠነ። ባለቤታቸው "እንደ ሕፃን ሽንት ሆነ እኮ" እያሉ አማረሩ። ጋሼ ቆጣሪ "መስመሩ ነው" አሉ፤ ስለ መስመር የሚከራከራቸው የለም። በጓሮው ቤት የመታጠቢያው ቧንቧ ልክ ከማስወገጃው አፍ ላይ ስለሆነ ውሃው ድምፁን አጥፍቶ ይወርዳል። የተቆለፈ ቤት ደግሞ ማን ጆሮ ይጥልበታል?

ቢሉን ሊከፍሉ የሄዱ ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ገንዘብ ተቀባይ ድሮ እሳቸው ሥራ ያስተማሩት ልጅ ነው። ኮምፒውተሩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ሳቀ።

"ጋሼ ቆጣሪ! ግቢ ውስጥ መዋኛ ገንዳ አሠሩ እንዴ?"

ሰልፈኛው ሳቀ። ጋሼ ቆጣሪ ወረቀቱን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት፤ ለሳቸው ወረቀቱ የተጨማደደ ነጭ ጨርቅ ነው። ልጁ አንብቦ ነገራቸው። ያን ጊዜ ከጆሯቸው ጀምሮ እስከ አንገታቸው ሞቃቸው። ስንቱን ቤት "ውሃ አባከናችሁ" ብለው የገሠጹ ሰው ናቸው። ከገሠጿቸው ውስጥ ደግሞ ሰልፉ ላይ የማይጠፉ አሉ።

"እኔ አይደለሁም!" አሉ። "ተከራዬ ናት። ልትወጣ ስትል አፍስሳብኝ ነው የሄደች።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከኋላቸው የጨርቅ ሱቋ ባለቤት ቆማ ነበር። "የቷ ተከራይዎ? ያቺ ልብስ ሰፊዋ?"

ጋሼ ቆጣሪ በድምጿ አወቋት። ያን ጊዜ "ቆይ፣ ተረጋግቼ ልየው" ማለት ይችሉ ነበር። ሳቁ ግን ገና ጆሯቸው ውስጥ ነው።

"እሷው ናት" አሉ። "ጸጥ ስትል ሰው ትመስላለች። ቆጣሪ አይዋሽም!"

ሁለት ሳምንትም አልሞላ፣ ልብስ ሰፊዋ በሩን አንኳኳች። ግቢ ቢሏትም አልገባችም።

"ጋሼ፣ ባለሱቋ ክፍሉን ከለከለችኝ። ውሃ አፍስሳ ሄደች ብለዋል አለችኝ። እኔ ነኝ ያፈሰስኩት?"

በጎ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይደነግጣል። ጋሼ ቆጣሪም ደንግጠዋል። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉ።

"ልጄ፣ ቆጣሪ አይዋሽም። በኔና በሚስቴ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅም።"

"በወጣሁ ቀን ስንት ይል ነበር?"

"አንብቤዋለሁ ብዬሻለሁ!"

ልጅቷ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች፤ መታየቱ ተሰማቸው። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ዞር ብላ ባለቤታቸውን "ደህና ይሁኑ እናቴ" ብላ ሄደች። ባለቤታቸው ያን ቀን ምሳ አቅርበው አብረው አልበሉም።

ሌላ ተከራይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ድምፁ ወፍራም፣ ቸኩሎ የሚናገር። ጋሼ ቆጣሪ ቁልፋቸውን አንሿሹተው ባለቤታቸውን አስከትለው ወደ ጓሮው ወሰዱት። በመንገዳቸው ስለ ባዶ ቤት ሆድ አስረዱት። በሩ ሲከፈት ሹፌሩ ቀድሞ ገባ፣ ቆመ።

"አባባ፣ ውሃ ይፈሳል እኮ።"

ገቡ። የሻገተ አየር ፊታቸውን መታቸው። መታጠቢያው ውስጥ ውሃው ሳይቸኩል፣ ማንንም ሳይፈራ ይወርዳል። የወጥ ቤቱም ይወርዳል። ጋሼ ቆጣሪ እጃቸውን ከሥሩ ዘረጉ፤ ቀዘቀዛቸው።

"ከፍታው ሄዳለች!" አሉ። "አያችሁልኝ? ለተንኮል ከፍታው ሄዳለች!"

ሹፌሩ ወጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ አንገቱን ቀበረ። "መዝጊያው ክፍት ነው" አለ። እጀታውን ገፋው፤ ቤት ውስጥ ያለው ድምፅ ጸጥ አለ። "ይኸው፣ ሲገፉት ይዘጋል። ሲስቡት ይከፈታል። በትክክል ነው የተገጠመው።"

ሲስቡት ይከፈታል። ጋሼ ቆጣሪ ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

"እሷማ ዘግቼዋለሁ ስትልህ እኔም እዚሁ ነበርኩ" አሉ ባለቤታቸው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "ከሷ በኋላ ማን ነካው?"

ማን ይንካው? የግቢው ቁልፍ፣ የጉድጓዱ ክዳን፣ የባዶው ቤት ጥበብ የማን ነው? ልጅቷ የነገሯትን ቃል በቃል ፈጽማ ሄዳለች። ጋሼ ቆጣሪ ዕድሜ ልካቸውን "ሰው አይሰማኝም" ሲሉ ኖረው፣ አንድ ሰው በሰማቸው ቀን ያንኑ ሰው አላመኑም፤ እሷ የዘጋችውን በገዛ እጃቸው ከፍተው፣ ስሟን በሰው ፊት አጠፉት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? ሹፌሩ ቤቱን ወደደው አልወደደው፣ መቼ እንደሄደ፣ አያስታውሱም። በጓሮው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አሉ፤ መሬት ግን ለእንዲህ ያለው ነገር ቸኩላ አታውቅም። ባለቤታቸው ቢቆጧቸው ይሻላቸው ነበር። አልተቆጧቸውም። ካፖርታቸውን አምጥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸውና "ሂድ" አሏቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጨርቅ ሱቋ ነው። ገበያተኛ ነበረ፤ መቀስ ጨርቅ ሲቀድ ይሰማል። ሰው እስኪቀል ልጠብቅ ብለው አሰቡና በዚያ አሳባቸው እሳቸው ራሳቸው አፈሩበት፤ ስትሰደብ ሰው ቀልሎ ነበር እንዴ?

"ያቺ ልጅ ውሃ አላፈሰሰችም" አሉ ከደጃፉ፣ ጮክ ብለው። "ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። እሷ ዘግታ ሄዳለች፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሰልፉ ላይ ያልኩት ውሸት ነው።"

መቀሱ ቆመ። አንዲት ሴት ሳቀች፣ ወዲያው ተወች።

"ውይ ጋሼ ቆጣሪ" አለች ባለሱቋ። በድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ እሱ ነው ይበልጥ የከበዳቸው። "ክፍሉን እኮ ለፀጉር ሠሪ ሰጠሁት። ውል ተፈራርመናል። አሁን ምን ላድርግ?"

"ምንም" አሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ይህንን ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል።

የእህቷ ቤት ከሁለት ሰፈር ወዲያ ነው። ሰው እየጠየቁ ደረሱ። በሩን የከፈተችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ሲገቡ ጉልበታቸውን አንድ ብረት መታቸው፤ ሲዳብሱት የስፌት መኪናዋ ነው፣ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ የልጆች ጫማና ቦርሳ ተከምሮበት። ብዙ ዓመት ከጓሯቸው ሲጮህ የኖረው መኪና እዚህ ድምፁን አጥቶ የጫማ መደርደሪያ ሆኗል። እጃቸውን እሱው ላይ እንዳደረጉ ቆመው ተናገሩ። ስለ እጀታው፣ ስለ መሳባቸው፣ ስለ ሰልፉ፣ አሁን ከባለሱቋ ዘንድ ስለሰሙት። ሰበብ ለመጨመር ምላሳቸው ሁለት ጊዜ ተንደረደረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያዙት።

"አጥፍቻለሁ ልጄ። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ፊትም የለኝ። ቤቱ ባዶ ነው። ኪራይ የሚባል ነገር አታንሺብኝ፤ ተመለሺና ተቀመጪበት።"

ከውስጥ እህቷ ድስት ታማስላለች፣ ልጆች ይጣላሉ። ልብስ ሰፊዋ መለሰች።

"አይ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን አልመለስም። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል እንደገና ወደኔ ነው የሚታየው። ማሽኔን የማስቀምጥበት አላጣም፣ እፈልጋለሁ።" ከዚያ ደግሞ፣ ለስለስ ብላ፣ "ዘግቼው እንደነበር ግን እኔም ልጠራጠር ደርሼ ነበር። ማታ ማታ እጄን እያየሁ፣ በእውነት ዘግቼዋለሁ? እል ነበር። እሱን ስለነገሩኝ ደስ ብሎኛል።"

ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። አለቀስኩ አይሉም፤ አልቅሰዋል።

ልትሸኛቸው አብራ ወጣች። በሩ ላይ ሲደርሱ ክንዳቸውን ያዝ አደረገች፣ ያለ ምንም ሁካታ፣ እንደለመደ ሰው።

"እዚህ ጋ ዝቅ ይላል ጋሼ። አንድ ደረጃ ብቻ ናት። አሁን ቀኝ እግርዎን።"

ጋሼ ቆጣሪ ደረጃዋን ወርደው መንገዱ ላይ ደርቀው ቀሩ። ታውቃለች። ዛሬ አይደለም ያወቀችው፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አጠገባቸው ቁጢጥ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች። በሩ ላይ ቆማ "እኔ ነኝ ያፈሰስኩት?" ስትላቸው ታውቅ ነበር። ለባለሱቋ አንዲት ቃል ብትናገር፣ "ሰውየው ቁጥር አያዩም" ብትል፣ ክፍሉ ዛሬ የሷ ነው። አፏን ከፍታ የዘጋችው እሱን ነው። እሳቸው የሷን ስም ለሰልፈኛ ሲበትኑ፣ እሷ የሳቸውን ገበና ክፍሏን ከፍላበት ይዛዋለች።

ልጅቷ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። እህቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጋሼ፣ አሁን ወር ሲደርስ ቁጥሩን ማን ነው የሚያነብልዎት?"

"ራሴ" የምትለዋ ቃል እንደ ልማዷ እምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰች። ጋሼ ቆጣሪ ዋጧት።

"ማንም" አሉ።